ሴቭ የተደረገ ስህተት

ኮሌጁ ውስጥ ኬብሌ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የክፍል ጓደኞቹ ናቸው፤ ከቦርሳው ኪስ አንድ ሰማያዊ ኬብል ተንጠልጥሎ የማይታይበት ቀን ስለሌለ። የኔትወርክ መግቢያ ኮርስ ከጀመረ ሴሚስተር እንኳ አልሞላውም፤ ግን ራውተር ሲያይ ዐይኑ የሚበራ ልጅ ነው። ራውተር፣ ለማያውቀው ሰው፣ ከአንድ ቤት ኮምፒውተሮች የሚወጣውን መልእክት ተቀብሎ መንገድ የሚያሳይ ሣጥን ነው። ከራሱ አንዳች አያውቅም፤ በዚህ በር አስወጣ፣ ያንን በር ዝጋ ያሉትን ብቻ ይፈጽማል። መልካሙም መዘዙም ከዚያው ነው።

ኮርሱን የሚያስተምረው ኢንጅነር አንድ ክፉ አመል አለው። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ትእዛዝ ሲጽፉ ድምፁን አጥፍቶ ከኋላ ይመጣና የራውተሩን ገመድ ከሶኬቱ ይነቅላል። ሥራውን ሴቭ ያደረገ፣ ራውተሩ እስኪነሣ ዘና ብሎ ይጠብቃል። ያላደረገው፣ የደከመበት ሁሉ ዐይኑ እያየ ውሃ ይበላዋል፤ ሣጥኑ ሲነሣ የዛሬውን ረስቶ ትናንት በነበረበት ይነሣልና። ኢንጅነሩ «በል እንግዲህ፣ ከሀ ጀምር» ይልና እየሳቀ ወደ ሌላው ያልፋል። በዚህ አመሉ ክፍሉን በሙሉ አሠልጥኖታል። ኬብሌማ ብሶበታል፤ ጣቶቹ ከጭንቅላቱ ቀድመው ሴቭ ያደርጋሉ።

ልጁን ለዚህ ያበቃችው ታላቅ እህቱ ናት። እታለም ይላታል። አባታቸው ሲሞት እናታቸው ወገቧን ታማ ተኝታ ነበርና እታለም ትምህርቷን ጥላ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጠረች። የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ዓመታት አለፉ፤ ክንዷ ላይ ካውያ ያልላሰው ቦታ የለም። ካቻምና እሱ ኮሌጅ ሲገባ «አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው» አለችና በማታ ተምራ ያቋረጠችውን ጨረሰች። ምኞቷ ነርስ መሆን ነው። የነርሶቹ ትምህርት ቤት ግን የዕድሜ ገደብ አለው፤ የዘንድሮው የመግቢያ ፈተና ለእሷ የመጨረሻዋ ነበር።

ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። እሷ የተመደበችውም ከከተማው ወዲያ ማዶ ባለው የኮሌጁ ሁለተኛ ግቢ፣ በኮምፒውተር አዳራሹ ነበር። የዚያ አዳራሽ መሥመር የሚያልፍበትን ራውተር ኬብሌ አሳምሮ ያውቀዋል። ኢንጅነሩ ብቻውን መልፋት ስለሰለቸው፣ ለተማሪ የማይሰጠውን ፓስወርድ በጆሮው ነግሮት ከዋናው ግቢ ሆኖ እንዲጠብቀው አድርጓል። ጠዋት አብረው ከቤት ሲወጡ እታለም ዛሬ ኢንተርኔቱ ጉድ እንዳይሠራኝ ብላ ነበር። እሱ ደረቱን ነፍቶ እኔ እያለሁልሽ አላት። ሳቀችና አንገቱ ሥር ኮሌታውን አስተካክላለት ሄደች።

ቃሉንም ጠበቀ። ክፍል ሳይጀመር ቤተ ሙከራው ገብቶ በኮምፒውተሩ ላይ የማዶውን ራውተር ከፈተ፣ መሥመሩን አየ፣ ደኅና ነበር። ይህን ጊዜ ስክሪኑ ላይ የተከፈተውን መስኮት ዘግቶ መነሣት ነበረበት። አልዘጋውም። እየመላለስኩ አየዋለሁ ብሎ እንዲሁ ተወው፤ ለእህቱ ስለ ሳሳ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል።

ክፍል ተጀመረ። ኢንጅነሩ የዕለቱን መልመጃ ሰሌዳ ላይ ጻፈ፦ ዋናውን በር ዝጉ፣ አድራሻውን ለውጡ፣ አረጋግጡና መልሳችሁ ክፈቱ። ኬብሌ የመለማመጃውን ራውተር በሌላ መስኮት ከፈተ። ሁለቱም መስኮቶች ጥቁር ናቸው፣ ጽሑፋቸውም ያው ነጭ ነው። እንደ ልማዱ አንደኛ ልጨርስ ብሎ ተጣደፈ። በሩን ዘጋ፣ ሌላ አድራሻ ሰጠው፣ ሴቭ አደረገ፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ፣ ማየት እንኳ ሳያስፈልገው አስቀድሞ ጽፎ መስኮቱ ላይ በለጠፈው ትእዛዝ። ከዚያ በሩን መልሼ ልክፈት ሲል መስኮቱ አልሰማውም። ደግሞ መታው። ዝም።

ቀና ብሎ የመስኮቱን አናት አነበበ። የማዶው ራውተር ነበር።

እታለም በዚህች ደቂቃ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የማይንቀሳቀስ ጥያቄ ላይ እንዳፈጠጠች ታየው። በሩን የዘጋው እሱ ነው፤ ለመክፈት ደግሞ የሚገባው በዚያው በዘጋው በር ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሞከረ። እንደገና ሞከረ። ማንም አላየኝም፣ ማንም ሳያውቅ አስተካክለዋለሁ እያለ ከእህቱ ጊዜ ላይ ስንት እንደ ቆረሰ እግዜር ይወቀው። ለራሱ ፈርቶ ነው፤ ይህን ኋላም ቢሆን ለራሱ አልደበቀም። በመጨረሻ ተነሣና ወደ ኢንጅነሩ ሄዶ በጆሮው ነገረው።

ኢንጅነሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ስልኩን አውጥቶ ወደ ኮሪደር ሮጠ፣ ኬብሌም ተከተለው። ለማዶው ግቢ ዘበኛ ደውሎ ከአዳራሹ ጀርባ ካለችው ክፍል ገብቶ የሣጥኑን ገመድ እንዲነቅልና መልሶ እንዲሰካ አዘዘው። ዘበኛው ነቅዬ ሰካሁ አለ። ጠበቁ። መሥመሩ አልመጣም። ኢንጅነሩ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ተማሪውን አየው።

«ሴቭ አድርገኸዋል?»

«አዎ።»

«አስተማርኩህ ማለት ነው» አለ ኢንጅነሩ፤ አልሳቀም።

ሴቭ ባያደርግ ኖሮ የዘበኛው እጅ ይበቃ ነበር። ሣጥኑ ትናንት በነበረበት ይነሣ ነበር፣ እታለምም ትንሽ ደንግጣ ትቀጥል ነበር። አሁን ግን አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ ኬብሉን ይዞ ሣጥኑ አጠገብ መድረስ። ኢንጅነሩ ላፕቶፑን ሰጥቶት እኔ ክፍሉን ጥዬ ከወጣሁ ጉዳዩ ይወጣል፣ አንተ ሂድ፣ ለሚጠይቅህ ሁሉ የዚያች ክፍል መብራት ነው የተቋረጠው በል አለው። እሱም ልጆች አሉት፤ ፓስወርዱን ለተማሪ መስጠቱ ከታወቀ እንጀራው ያበቃል።

ታክሲው እስከ ድልድዩ ድረስ ደኅና ሄደ። ከዚያ መኪናው ሁሉ ተገትሮ ቆመ። ኬብሌ ወረደና ሮጠ። ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሰው እየገፋ፣ ይቅርታ እንኳ ሳይል ሮጠ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለምነው፦ ትንሽ ጊዜ ይቅርላት፣ ትንሽ ብቻ፣ ከዚያ የፈለገው ይምጣብኝ።

ዘበኛው በሩ ላይ ቁልፍ ይዞ ጠበቀው። ክፍሏ የጽዳት ሠራተኞች ባልዲና መወልወያ የሚያስቀምጡባት ጠባብ ናት፤ ራውተሩ ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ኬብሌ ባልዲዎቹ መካከል ተንበርክኮ ኬብሉን ሰካ። ፓስወርዱን ተሳሳተ፣ ደግሞም ተሳሳተ። ከዚያ ገባለት። አድራሻውን መለሰ፣ በሩን ከፈተ። ትንሿ መብራት አረንጓዴ ሆነች። ጣቶቹ ሳያዛቸው ሴቭ አደረጉ፤ ሊቆርጣቸው ወደደ።

ከግድግዳው ወዲያ አዳራሹ አጉረመረመ፣ ወንበር ተንቋቋ፣ ወዲያው ጸጥ አለ። ተመለሰ ማለት ነው። ኬብሌ እዚያው እንደ ተንበረከከ ቀረ። የፈተናው ሰዓት የሚቆጠረው ሩቅ ባለ ማዕከል ነው፤ እዚህ መሥመር ቢቋረጥም እዚያ አይቆምም። ትንፋሹ እንኳ ሳይመለስ የአዳራሹ በር ተከፈተና ተፈታኞቹ መውጣት ጀመሩ። ገና ልጅ የሆነች አንዲት ተፈታኝ አፏን በሻርፕዋ ይዛ ታለቅሳለች።

እታለም ከኋላ መጣች። ፊቷ ደርቋል፣ ግን አላለቀሰችም። ኬብሌን በተከፈተው በር ከባልዲዎቹ መካከል ስታየው መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ከዚያ ፊቷ ፈታ አለ። ለቆሙት ሁሉ ወንድሟ መሆኑን፣ ከዚያ ማዶ ሮጦ መጥቶ መሥመሩን የመለሰው እሱ መሆኑን ነገረቻቸው። አንዱ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። ግማሹን እንኳ እንዳልሠራች በጆሮው ስትነግረው ላቡን በመዳፏ ትጠርግለት ነበር። ምን ታደርገዋለህ፣ አንተ የምትችለውን አድርገሃል አለችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

የፈተናው አስተባባሪ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መጣች። ቁጡ ሴት አልነበረችም፤ ደክሟታል። ኢንጅነሩ ደውሎ የራውተሩ ክፍል መብራት ተቋርጦ እንደ ነበር ነግሯት፣ ዘበኛውም እንደ ታዘዘው ያንኑ ብሏት ነበርና ተፈታኞቹን ሰብስባ አስረዳቻቸው። የመብራት ነገር ከሆነ ደንቡ ድጋሚ ፈተና አይፈቅድም። ጥፋቱ የፈተና ጣቢያው ከሆነ ግን ይደገምላቸው ብላ መጻፍ ትችላለች፤ ይቀበሏት አይቀበሏት አታውቅም።

«መብራት አይደለም» አለ ኬብሌ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። በስህተት ነው።»

ሁሉም ዞሩ። አስተባባሪዋ መነጽሯን አውርዳ አየችው። አንድ ተማሪ ዋናው ግቢ ተቀምጦ እንዴት የዚህን መሥመር እንደሚዘጋ ጠየቀችው፤ ፓስወርዱ እንዳለው ነገራት። ማን እንደ ሰጠው ስትጠይቀው የኢንጅነሩን ስም አላወጣም። ማስረጃ ስትለው ደግሞ የሚያሳያት አልነበረውም። ራውተሩ ማን ምን እንዳደረገ በውስጡ ይይዛል፤ ግን እሱን ሴቭ የሚያደርግለት የለም፣ ዘበኛው ገመዱን ሲነቅል ጠፍቷል።

«ይሄ እውነት ከሆነ ኮሌጁ ያባርርሃል። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

እታለም ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። ይህች ሴት ፊደል ስታስቆጥረው፣ ደብተር ጠፋብኝ ሲላት፣ ጠግቤያለሁ ሲላት፣ ሁሌም አጠገቡ የኖረች ናት፤ መዋሸት አለመዋሸቱን ከአፉ ሳይሆን ከጉሮሮው ታውቃለች። አየችው። ጠዋት የተናገረውም ትዝ ሳይላት አልቀረም። ኬብሌ ፊቷ ላይ ነገሩ ሲገባት አየ፤ መጀመሪያ ከንፈሯ ነጣ፣ ከዚያ ዐይኗን ጨፈነች። ስትከፍት ወደ አስተባባሪዋ ነበር የዞረችው።

«ይዋሻል» አለች። «ለእኔ ብሎ ነው። ይሄ የመጨረሻ ዕድሌ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። አይስሙት።»

«እታለም...»

«ዝም በል!»

በሕይወቱ እንደዚህ ጮኻበት አታውቅም። ሻርፕ የያዘችው ልጅ እውነት ከሆነስ ብላ ጠየቀች፤ እታለም ወደ እሷ ማየት አልቻለችም። አስተባባሪዋ ሁለቱን እያፈራረቀች ካየች በኋላ ትንፋሿን ለቀቀች። በእጇ የኢንጅነሩ ቃል፣ የዘበኛው ቃል፣ አሁን ደግሞ የተጎጂዋ የራሷ ቃል አለ፤ በሌላ በኩል ማስረጃ የሌለው ተማሪ። መብራት ብላ ጻፈች። የሚወዳት ወንድም እንዳላት ለእታለም ነግራት ሄደች።

ወደ መንገድ ወጡ። እታለም ትቀድማለች፣ እሱ ላፕቶፑን አቅፎ ይከተላል። ከግቢው አጥር ማዶ ሲደርሱ ኬብሌ ቆመ። ተመልሼ ለሴትዮዋ ሁሉንም እነግራታለሁ፣ የኢንጅነሩንም ጭምር፣ ያቺ ልጅ ምን በደለች አላት። ዞሮም ጥቂት ተራመደ። እታለም ከኋላው ደርሳ ክንዱን ያዘችው፤ አያያዟ ያምም ነበር።

«ለእኔ ይደገምልኝ አይደገምልኝ አይታወቅም» አለች። «አንተ መባረርህ ግን ይታወቃል።»

«ታዲያ ይሁና! እኔ እኮ ነኝ ያጠፋሁሽ!»

«አዎ፣ አንተ ነህ።» ድምፅዋ አልጨከነም፣ አልራራም። «አሁን አንተም ከጠፋህ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት እኔ ምን ስሠራ ነበር?»

ክንዱን አልለቀቀችም። አውቶቡስ መጣ፣ በእሷ እጅ እየተጎተተ ተሳፈረ፣ አጠገቧ ተቀመጠ። ያቺ ልጅ ከመቆሚያው ላይ ሻርፕዋን አጣጥፋ ስትይዝ በመስኮቱ አያት። ዐይኑን ከእሷ ሲያነሣ እንባው ወረደ፤ ላፕቶፑ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። እታለም በእጅጌዋ ላፕቶፑን ጠረገች፣ የሰው ዕቃ ነውና። ከዚያ ነገ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሥራ መግባት እንዳለባት፣ እማዬም ፈተናው እንዴት ነበር ስትል ደኅና ነበር እንዲላት ነገረችው።