በግራ በኩል

«በግራ ኦቦ ዋቆ! በግራ በኩል ነው!»

ከድንኳኑ ሦስት አራት ሰው ባንድ ድምፅ ጮኸ፤ ግን ዘገየ። ኦቦ ዋቆ ከተፍኪ ድረስ በሆዳቸው ይዘውት የመጡትን ለቅሶ ሊለቁት አፋቸውን ከፍተው፣ ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሲገሰግሱ፣ ከመስታወቱ ጋር ግንባር ለግንባር ተገናኙ። ባርኔጣቸው ወደቀ። «ዋይ ኦቦሌቲ ኮ!» ብለው እህታቸውን ሊጣሩ የከፈቱት አፍ «ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?» ብሎ ተዘጋ።

«ስላይዲንግ ነው አባባ» አለች ሰብለወርቅ ከደጅ ባርኔጣቸውን እያነሳች። «የቀኙ አይከፈትም፣ ዝም ብሎ መስታወት ነው። የግራው ነው ወደ ጎን የሚሄደው።»

ውስጥ ፍራሽ ላይ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ላሊሴ አልሳቀችም። እሷ አንድ ጊዜ ስቃ ነበር።

አማቷ አዴ ድንቅቱ ከተቀበሩ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሶፋውም ጠረጴዛውም ወጥቶ ሳሎኑ ባዶ ሆኗል፤ ፍራሽ ብቻ በግድግዳው ዙሪያ ተነጥፏል። የለቅሶ ቤት ነውና በሩ ከቀብር ወዲህ ተዘግቶ አያውቅም። ሰው ግን የድሮው የእንጨት በር በነበረበት፣ እግሩ በለመደው በቀኝ በኩል ይመጣና ከመስታወቱ ይላተማል። ያኔ ድንኳኑ «በግራ!» ይላል። ላሊሴ እስከ አርባ ቆጥራ ተወችው።

ሰብለወርቅ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠችና ወደ ኡሙልኸይር ተጠጋች። ሰብለወርቅ ከአዲስ አበባ መጥታ ከጓሮ ያለውን ሰርቪስ የተከራየች፣ ኡሙልኸይር ደግሞ የአጥር ጎረቤት ናት።

«ማን ነው ግን እንዲህ ያሠራው? መንገዱ በቀኝ፣ መግቢያው በግራ! በሩ እኮ ነው የገደላቸው።»

«ዝም በይ አንቺ» አለች ኡሙልኸይር ሻይ እየቀዳች። «ቀናቸው ደርሶ ነው።»

«እሱማ ደርሷል። በመስታወት ነው የመጣው።»

ላሊሴ አንገቷን ደፋች። ግራው ይከፈት ያለችው እሷ ናት። ይህን ከእሷ ሌላ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ አማቷ ናቸው፤ ተቀብረዋል። ሁለተኛው በሩን የገጠመው አዶናይ ነው፤ ከቡራዩ እየመጣ ነው ብለዋል። ሦስቱን ቀን ሙሉ በድንኳኑ አፍ የሚገባውን ሰው ሁሉ ጫማ ጫማውን ስታይ የከረመችው ለዚህ ነበር። የአዶናይ ጫማ የመስታወት ማጣበቂያው ነጭ ሲልከን የተንጠባጠበበት ነው።

አዴ ድንቅቱ ዓይናቸው አያይም ነበር። ይህን ልጃቸው ገመቺስ አያውቅም፤ ጎረቤት አያውቅም። ሰበታ ከተማ ሳይሆን እርሻ በነበረ ጊዜ ከወንድ ጋር በድንበር ተሟግተው የረቱ ሴት፣ በሰው ክንድ ተመርቼ ከምሄድስ ብለው ቤቱን በእርምጃ ቆጥረው ያዙት። ከሳሎኑ ጥግ ካለው አልጋቸው እስከ በሩ ዘጠኝ እርምጃ። በከንፈራቸው ብቻ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያሉ በኦሮምኛ እየቆጠሩ፣ እጃቸውን ሳይዘረጉ፣ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። የእንጨቱ በር ቀን ቀን ክፍት ነው። ደጃፍ ቆመው መንገደኛውን በኮቴው ለይተው በስሙ ይጠሩታል። «የሳቸው ዓይን!» ይላል ሰው።

ላሊሴ የደረሰችበት በምስር ነው። አማቷ ለቅመው የሚሰጧት ምስር ውስጥ ጠጠሩ እንዳለ መቅረት ጀመረ። ምንም ሳትል ጓዳ ገብታ ትደግመዋለች። አንድ ቀን ቸኮለችና ሳትደግመው ቀረች። ገመቺስ ማዕድ ላይ መንጋጋውን ይዞ ዘለለ፤ መዳፉ ላይ ጠጠርና የጥርስ ስባሪ ተፋ።

«ማን ነው ይሄን የለቀመው?»

«እኔ ለቅሜ ነው የሰጠኋት» አሉ አዴ ድንቅቱ ሳይጣደፉ። «ስታጥበው ደባልቃው ነው። ምን ታድርግ? ሰባት ዓመት ሙሉ ሆዷን ስታይ ሌላውን ማየት አቃታት።»

ገመቺስ ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ። ላሊሴ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ቀና ስትል አማቷ እሷ ከተቀመጠችበት አንድ ክንድ ወዲያ ወዳለው ባዶ ወንበር እያዩ ፈገግ ብለዋል። አፏን ዘጋች። ይህን የመሰለ ነገር በአንድ ምስር አይባክንም ብላ አስቀመጠችው።

ከዚያ ገመቺስ ቤቱን ማሳደስ ጀመረ። ወለሉ ሴራሚክ ሆነ። የፊቱ ግድግዳ ወደ ግራ ተሰበረና ሰፊ የመስታወት በር ሊገባለት ሆነ።

«ቤቱ ሰፋ አሉኝ» አሉ አዴ ድንቅቱ ከአልጋቸው። «ማን ሊሮጥበት ነው?»

ይህን ባሉ በሰዓቱ አዶናይ ውሃ ልኩን ይዞ ጓዳ ድረስ መጣ። ገመቺስ ሥራ ሄዷል፤ አዴ ድንቅቱን እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

«እህቴ፣ አንዱ ክንፍ ይታሰራል፣ አንዱ ይሄዳል። ከደጅ ሲታይ ቀኙ ይከፈት አይደል? የሰዉ መንገድም የድሮው በርም በዚያው ነው።»

ላሊሴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ከአልጋው ጀምራ በዓይኗ ዘጠኝ ተራመደች። ዘጠነኛው ቀኙ ላይ ያርፋል።

«ግራው ይከፈት» አለች።

«ኧረ አይመችም። እማማም ቢሆኑ…»

«ግራው አልኩህ። የዚህ ቤት እመቤት እኔ ነኝ።»

እንዲህ ብላ አታውቅም። አዶናይ ሳቀ፤ «ቶሌ፣ እሺ» ብሎ ድሪሉን አስነሣ።

ይሙቱ ብላ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሰው ፊት፣ ይላተሙ። ዓይናቸው ይታወቅ። ከዚያ ወዲያ ምስር ማን እንደሚለቅም ይታያል።

በማግሥቱ እሑድ የእድር ሴቶች ቤቱን ሊመርቁ መጡ። አዴ ድንቅቱ የግቢውን ጫጫታ ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ።

«በሩ ተከፍቷል?»

«ተከፍቷል እማዬ» አለች ላሊሴ። አልዋሸችም፤ ግራው ተከፍቶ ነበር።

ዘጠኙን እርምጃ እንደ ወታደር ተራመዱት። ግንባራቸው መስታወቱን ሲመታ የተሰማው ድምፅ ሴቶቹን አሳቃቸው፤ አዲስ መስታወት ማንን አያሞኝም! ላሊሴም ሳቀች፤ ከሁሉም በላይ ሳቀች። አዴ ድንቅቱ ወደ ኋላ ተንገዳግደው ሴራሚኩ ላይ ሲዘረጉ፣ የዳሌያቸው አጥንት ቀጭ ሲል ነው ሳቁ ያቆመው።

ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኙ። በዘጠነኛው ቀን ገመቺስ መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ እጇን ፈልገው ያዙ።

«ቀኙን ያሳሰርሽው አንቺ ነሽ።»

ላሊሴ በሌላ እጇ ብርድ ልብሱን አስተካከለች።

«አለማየቴን ታውቂ ነበር። ሳቅሽንም ሰምቼዋለሁ።» ትንፋሽ እስኪያገኙ ቆዩ። «ለልጄ አልነግረውም። ብነግረው ያባርርሻል። ትገላገያለሽ።»

እጇን ለቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ወዲያ አላናገሯትም።

ዛሬ አሥር ሰዓት ገደማ፣ እድርተኛው ወንበር መሰብሰብ ሲጀምር፣ ሲልከን የተንጠባጠበበት ጫማ በድንኳኑ አፍ ገባ። ላሊሴ የንፍሮ ሰፌድ ይዛ ደጃፍ ቆማ ነበር።

አዶናይ ገመቺስ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጋሼ ገመቺስ፣ እኔን ያንገበገበኝ ነገር አለ። ቀኙ ይከፈት ብዬ ነበር። ዝም ብዬ አይደለም ግራውን ያደረግኩት፤ ጠይቄ ነው። እዚህ ቤት…»

ሰፌዱ ላሊሴ እጅ ውስጥ አዘመመ። ሁለት ሦስት ፍሬ ስንዴ እግሯ ሥር ወደቀ። ይናገር፣ አለች በሆዷ። ይናገርና ይለቅልኝ።

«አውቃለሁ» አለ ገመቺስ ክንዱን ይዞ። «እናቴ ናት ያዘዘችህ። ልትሞት ስትል ነግራኛለች።»

አዶናይ ቀና ብሎ ላሊሴን አየ።

«ለላሊሴ ብዬ ነው አለችኝ» ቀጠለ ገመቺስ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ማድቤቱ በግራ ነው፤ ስትመላለስ እንዳይርቃት ብዬ ነው አለች። እኔን የለመድኩት መንገድ ጣለኝ እንጂ ማንም አልበደለኝም አለችኝ።»

ድንኳኑ ተንሾካሸከ። «ወይ እናት!» አለ አንዱ። ኦቦ ዋቆ አሁን ገና የመጡበትን ለቅሶ ለቀቁት። ኡሙልኸይር ዓይኗን ጠረገች፤ «አማት እንዲህ ናት እንጂ!» አለች። ሰብለወርቅ የላሊሴን ትከሻ ገፋ አደረገቻት፤ «አልቅሺላቸው እንጂ! ደረቅ!»

«እንግዲያውስ» አለ አዶናይ ከላሊሴ ላይ ዓይኑን እየነቀለ፣ «ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው። ቀኙን ፈትቼ ልለውጠው። ሰዉም እየተጎዳ ነው።»

«ይለውጠው!» አለች ላሊሴ። ሦስት ቀን ሙሉ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ድምፅ ነበር፤ ጮክ አለባት።

«አይነካም» አለ ገመቺስ። ተነሥቶ መጣና ሰፌዱን ከእጇ ተቀበላት። «ላሌ፣ ይሄ እናቴ መጨረሻ ላይ የሰጠችሽ ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይፈታውም። ጧት በሱ ትወጫለሽ፣ ማታ በሱ ትገቢያለሽ። ታስቢያታለሽ።»

ፊቱ ላይ ክፋት ፈለገች። አጣች። ልክ እንደ እናቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ዓይኑ ግን እንባ ነው።

አዶናይ ሲሄድ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ጨበጣት። ዓይኗን አላያትም።

ድንኳኑ ወረደ። ገመቺስ አጎቱን ታክሲ ሊያሳፍር ወጣ። ላሊሴ ገባችና በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ዘጋችው፤ እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ሄደ። ወደ ሳሎኑ ጥግ ሄዳ አልጋው የነበረበት ቦታ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ቶኮ» አለች። እርምጃዋን የአማቷን ያህል አሳጠረችው። «ለማ። ሰዲ። አፉር።» ሴራሚኩ እግሯን አቀዘቀዘው። «ሸን። ጀአ። ቶርባ።» ከግቢው የሰብለወርቅ ሳቅ ይሰማል፤ ሳህን እያጠቡ ነው። «ሰዴት።»

ስምንተኛው ላይ ቆመች። የመስታወቱ ቅዝቃዜ ፊቷ ላይ ይሰማታል።

ዘጠነኛውን እጇን ሳትዘረጋ ተራመደችው።