ሳይፈተሽ ያለፈው ማማ

ኮልፌ ካለው የብረታ ብረት ቤት በር ላይ አይሱዙው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። የተጫነበት ቤቴል ላለ መዋዕለ ሕፃናት የተሠራ የውሃ ታንከር ማማ ነው። ሩሃማ ዓይኗን ከማማው አትነቅልም።

የበያጆቹ አለቃ ከሆነች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ከበደች ሲሾሟት፣ «እንደ ደግፌ ኮስተር በይ፤ ሴትነትሽን ቤትሽ ተይው» ብለው መከሯት። ደግፌ የቀድሞው አለቃ ነው፤ ጩኸቱ የብረት መፍጫውን ያስንቅ ነበር። እሷም ምክር ሰሚ ናትና ድምፅዋን አጎርንና፣ ፊቷን አጨፍግጋ ከረመች። ማንን እንዳታለለች እንጃላት!

ከደግፌ የወረሰችው ግን ኮስታራነት ብቻ አይደለም። በዚያ ቤት የአንጋፋ በያጅ ሥራ በመዶሻ አይፈተሽም፤ ነውር ነው። ማማውን የበየዱት ደግሞ ጋሽ ባጫ ናቸው፣ ብየዳን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሯት ሰው። ትናንት ሳታየው በጠመኔ «አልፏል» ብላ ጻፈችበት። ዛሬ ሲጫን አንዱን እግር በመዶሻ ነካ ብታደርገው ድምፁ አላማራትም። ከዚያ ወዲህ በዓይኗ የሚመጣው ከሥሩ የሚጫወቱ ሕፃናት ብቻ ነው።

ብትናገር ሹመቷ አበቃ፤ ጋሽ ባጫም ተዋረዱ። ዝም ብትልስ? ሾፌሩ ማርሽ አስገባ።

«ቁም!»

በደግፌ ድምፅ ልትል ነበር። የወጣው ግን የራሷ ነው፣ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። የመኪናውን ጎን ያዘች።

«ማማው አይሄድም። አልፏል ብዬ የጻፍኩት ሳላየው ነው። ጋሽ ባጫን መፈተሽ ፈርቼ።»

አንዱ ሳቀ። እትዬ ከበደች ከቢሯቸው ወጥተው፣ «ምን አልሽ?» አሉ። ደገመችላቸው።

ጋሽ ባጫ መዶሻ አንስተው ወደ መኪናው መጡ። ሩሃማ ለእሷ የመጡ መስሏት ሸሸች። እሳቸው ግን ላዩ ላይ ወጡና ብየዳውን አንዴ መቱት። እግሩ ከነቀለሙ ተገነጠለ።

ሽማግሌው የተገነጠለውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ።

«አጥርቼ ካላየሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤» አሉ ወደ ማንም ሳይዞሩ። «ታባርሩኛላችሁ ብዬ፣ እኔም ፈርቼ።»

ሁሉም የእትዬ ከበደችን ፊት ጠበቀ። እሳቸው ግን ወደ ሩሃማ ዞሩ።

«አለቃቸው አንቺ ነሽ። ምን ይደረግ?»

ሩሃማ በዕድሜዋ እንደዚያች ደቂቃ ፈርታ አታውቅም።

«አውርዱት፤» አለች። «እግሩን እኔ እበይደዋለሁ። ጋሽ ባጫ አጠገቤ ይቆማሉ።»