የጋሽ ኪሩ ጥለትና የሞላው ስልክ

አባቴ መሸሻ የቀጨኔ ሸማኔ ነው። ነጠላ ሲያስረክብ አንድ በአንድ ዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካላየ ከእጁ አያወጣም። ገዢው ቢቸኩል ግድ የለውም። ይኸው ልማዱ ባለፈው ቅዳሜ ጉድ ሊያደርገን ነበር።

ሥራውን ያስተማሩት ጋሽ ኪሩ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ወደ ሐዋሳ ይሄዳሉ። ከመሄዳቸው በፊት እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን አንድ የድሮ ጥለት እኛ ቤት መጥተው ሊሠሩ፣ አባቴም በስልኩ ሊቀዳ ተስማምተዋል። መጡና ሸማ መሥሪያው ላይ ተቀመጡ። አባቴ ስልኩን ደገነ። ስልኩ ሞልቻለሁ አለ።

የእኔ ስልክ ካሜራው ከተሰበረ ወር አልፎታል፤ የቀረን የእሱን ማቅለል ነው። መቶ አርባ የጥለት ፎቶና ቪዲዮ አለበት። ስልኩና የእኔ ላፕቶፕ በኢንተርኔት ስለተያያዙ ያው ሁሉ ላፕቶፑ ላይም አለ። አምና ቦታ ላገኝ ብዬ ከስልኩ ሳጠፋ ከላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። ከቆሻሻ መጣያው ለቃቅሜ ብመልስም አባቴ ሁለት ቀን አኩርፎኛል። ዘንድሮ ግን ነቅቻለሁ። «አጥፋ» የሚለውን ትቼ «ከዚህ ስልክ ላይ ብቻ አንሳ» የሚለውን ነካሁ። የፎቶው ስም ስልኩ ላይ ይቀራል፣ ክብደቱ ይነሳል፤ ፎቶው ራሱ ኢንተርኔቱ ላይ ይቆያል። ስልኩን ሰጥቼው ለጋሽ ኪሩ ውሃ ልገዛ ወጣሁ። ጎረቤታችን ውባለም በር ላይ ያዘችኝ፤ እሷ ደግሞ ከያዘች አትለቅም።

ስመለስ ስልኩ እንደገና ሞልቷል።

«አባዬ፣ ምን አደረግክ?»

«ምንም። መኖራቸውን አንድ በአንድ ከፍቼ አየሁ። ሁሉም አሉ፣ ተመስገን።»

«ስትከፍተው እኮ ተመልሶ ስልኩ ላይ ይወርዳል!»

«ታዲያ ሳላይ እንዴት ልመን?»

ጋሽ ኪሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን በግኛለሁ፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ማየት ካማረህ እዚህ እይ። ስልኩን እንዳትነካብኝ!»

እሱ እዚያ ላይ ፎቶዎቹን እየቆጠረ ሳለ ስልኩን በድጋሚ አቀለልኩና ራሴ መቅዳት ጀመርኩ። የጋሽ ኪሩ እጅ ፈጣን ነው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ቆም አለ። «እ... ቆይ... በቃ፣ ይኸው» እያሉ ቀጠሉ። በስምንት ደቂቃ ጨረሱ። ውጭ የሚወስዳቸው ታክሲ ጥሩምባ ሲነፋ ኔትወርኩ ደግ ሆኖልን ቪዲዮው ላፕቶፑ ላይ ብቅ አለ።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገባ፣ ጋሼ። ሁለቱም ላይ አለ።»

ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እሰይ! ከክረምት ወዲህ እኮ ከጭንቅላቴ እየጠፋብኝ ነው፣ ልጄ። ሰሞኑን ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳጠናው ነው የከረምኩት። ወደዚህ ስመጣ መንገድ ላይ ብረሳውስ እያልኩ ፈርቼ ነበር።»

እንባዬ መጣ። አባቴ ላፕቶፑን አስቀምጦ ሄደና ጉልበታቸውን ሳመ።

«ይርሱት፣ ጋሼ» አላቸው። «እኔ ይዤዋለሁ።»