ሁለቱ ክሮች

አራጌ የክራሩን መቃኛ ሲያጠብቅ ከግድግዳው ጀርባ ኳ፣ ኳ አለ። እጁ ባለበት ቀረ።

ኅዳር ስልሳ ስድስት ነው። በረሃብ ከቆላው የፈለሰው ሕዝብ ቆቦ አውራ ጎዳና ዳር ተኮልኩሏል፤ ደብሪቱ ጠጅ ቤት ግን ሦስት የእህል ነጋዴዎች ምሳ በልተው ጨዋታ ይጠብቃሉ። እንግዳ ሲበላ የተረፈው የአራጌ ነው። ሚስቱ ሙሉና ሁለት ልጆቹ የሚያድሩት በዚያች ትራፊ ነው።

"ሙሉውን ትዝታ ቃኝ፤" ብላዋለች ደብሪቱ ገና ሲገባ። "ግማሹን ትዝታ የመታህ ቀን ሌላ ቤት ፈልግ። እንግዳ የሚያስለቅስ እዚህ አይበላም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉውን ትዝታ ወደ ግማሽ ለመለወጥ አዲስ ክር አይጨመርም። ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ ጥቂት ማላላት ነው። ጣት የሚሄድበት መንገድ ያው ሆኖ ሰሚው አንገቱን ይደፋል። ይህን ለአራጌ ያስተማሩት የዋጃው ጋሼ አስፋው ናቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ያዳምጡና፣ ክሩ ከጠበቀ ግድግዳውን ሁለቴ፣ ከላላ አንዴ ያንኳኳሉ። ቃል የሚያወጡት አልፎ አልፎ ነበር።

"ሐዘኑን ከጉሮሮህ አትፈልገው፣ ልጄ። ከነዚህ ከሁለቱ ክሮች ነው ያለው።"

ትናንት እኒህ ሰው ጉንጫቸው ገብቶ፣ በዱላ ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙና ስሙን ጠሩት። ደብሪቱ ማን እንደሆኑ ጠየቀችው። አንድ አፍ ቢጨመር ትራፊው እንደማይበቃ አሰበ።

"አላውቃቸውም፤" አለ።

ሽማግሌው ዞረው ከጓሮው ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ያን ቀን ልጆቹ ሲበሉ አራጌ የራሱን ድርሻ ወደ እነሱ ገፋ።

አሁን ክሩን ሞከረው፤ እውነትም ጠብቋል። አላላው። ትናንት ካዳቸው፤ እሳቸው ግን ዛሬም እያቃኑት ነው።

ሙሉውን ተጫወተ። አንደኛው ነጋዴ፣ ይሄስ ጠኔ የረሳው ጣት ነው ብሎ ሌሎቹን አሳቃቸው። አራጌ ግን ጆሮው ግድግዳው ላይ ነበር። በሕይወት መኖራቸውን ለማወቅ አንዱን ክር ሆን ብሎ አጠበቀው። ዝም። የባሰ አጠበቀው፤ ነጋዴዎቹ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ብዙ ቆይቶ አንድ ኳ መጣ። ሁለተኛውን ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጣም። ጋሼ አስፋው ደግሞ ተሳስተው አያውቁም፤ ሁለተኛውን ለማንኳኳት አቅም አጥተው መሆን አለበት።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ነጋዴው።

"አይጥ ይሆናል፤" አለች ደብሪቱ።

"መምህሬ ናቸው፤" አለ አራጌ። "ትናንት ዋሽቼዎታለሁ፣ እትዬ።"

ደብሪቱ ጥቂት አየችው። "እንግዲያው ከድርሻህ አካፍላቸው። ከኔ ቤት ቁራሽ አይጨመርም። ክራርህ ደግሞ ወደ ሙሉው ይመለስ።"

አራጌ ነጋዴዎቹ የገፉትን ሳህን አነሣና ክራሩን ይዞ በጓሮ በር ወጣ። ከእንጀራው ለሙሉና ለልጆቹ እኩሌታውን በነጠላው ጫፍ ቋጠረ፤ የቀረውን ጋሼ አስፋው ጉልበት ላይ አኖረ። ዓይናቸውን ማየት አልቻለም። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ደብሪቱ ከውስጥ እንደምትሰማ እያወቀ፣ ሁለቱን ክሮች አላላ።