አዋሳኞቹ ካልፈረሙ

ሰብሪያ መጀመሪያ ያየችው የሰበታውን ቤት ነው። አራት ክፍል፣ ብሎኬት፣ ካርታ ያለው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ኮልፌ ተከራይታ በርበሬ እየሸጠች ካጠራቀመችው ጋር ልክ የሚገናኝ። ባሏ የህያ ገና ከበሩ ወደደው። እሷ ግን ክፍሎቹን ሳታይ፣ ለውዱእ ውሃ ፈልጌ ነው ብላ የጎረቤት በር አንኳኳች። አንዱ አልከፈተም። ሌላው ተከራይ ነኝ፣ እዚህ ማንንም አላውቅም ብሎ መለሳት። ከሰፈሩ ፋብሪካ ጀርባ የሚወርደው ውሃ ሽታ ደግሞ አፍንጫዋን አስያዛት።

«አፍንጫ ይለምዳል» አለ የህያ።

«ያንተ ይልመድ» ብላው ታክሲ ውስጥ ገባች።

ከገፈርሳ ወዲህ ያለውን የቡራዩ ቤት ያገኘላት ደላላው ዳኜ ነው። ዘመኑ 2008 ነው። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ ተቃውሞ መንገዱን አንድ ቀን ከፍቶ ሁለት ቀን ሲዘጋው፣ ገዢ ሸሽቶ ዋጋ ወርዷል። ባለቤቱ ኦቦ መገርሳ ሰባ ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ከተማው መጥቶ ሳይወስድብኝ ልሽጥ ብለው፣ ከፊት ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ራሳቸው የሚኖሩባትን የኋላ ቤትና ጓሮውን በአንድ ላይ አውጥተውታል። ዳኜ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ሰውዬው ፈርተዋል፣ ትንሽ ብትገፊያቸው ገና ይወርዳሉ አላት።

እዚህ በር ማንኳኳት አላስፈለጋትም። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ቦሰና የሚባሉ ሴትዮ ራሳቸው አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ ብለው መጡና፣ ከየት ነሽ፣ ስንት ወለድሽ፣ ምን ትሠሪያለሽ እያሉ ግማሽ ሰዓት አቆሟት። ሰብሪያ ልቧ እዚያው ቀረ።

ካርታ ግን የለውም። ያለው በእጅ የሚጻፍ ውልና ምስክር ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሊፈራረሙ ሲቀመጡ ዳኜ ሦስት ምስክሮች ይዞ መጣ። ከሻይ ቤት ነው ያመጣቸው፤ የኦቦ መገርሳን ስም እንኳ የጠየቁት ለመፈረም ከተቀመጡ በኋላ ነው። ሰብሪያ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። የህያ መንገዱ ሳይዘጋ እንጨርስ ብሎ ቢቆጣም አልሰማችውም።

«ነገ አንድ ነገር ቢመጣ እነዚህን በየሻይ ቤቱ ልፈልግ ነው? የሚፈርሙልኝ አዋሳኞቹ ናቸው።»

አጥር የሚጋሩት ሦስቱ ተጠሩ፤ ቦሰና፣ ጉታና ደገፋ። ከኦቦ መገርሳ ጋር በኦሮምኛ ብዙ ተነጋገሩ። ሰብሪያ ከገበያ በለመደችው ግማሹን ሰማች። ሲጨርሱ እስክሪብቶውን ያነሳ የለም።

«አንቺን ጠልተን አይደለም፣ ልጄ» አሉ ቦሰና። «ሁሉን ሸጠው የት ሊገቡ ነው? በገዛ ጣታችን ልናባርራቸው?»

ኦቦ መገርሳ መሬት መሬቱን ያያሉ። ዳኜ ለሰብሪያ፣ እትዬ፣ ሰዎቼ አልሄዱም፣ እነሱ ይፈርማሉ ብሎ አንሾካሾከ። እውነቱን ነው፤ በዚያች ሰዓት ከነጓሮው የሷ መሆን ይችል ነበር። ጓሮው ደግሞ አምሯታል። ጎመን ይወጣዋል፣ ላም ያስራል፣ ሁለት ክፍል ተሠርቶ ይከራያል። ወደ አዛውንቱ ዞረች።

«ኦቦ መገርሳ፣ ይሄ ፍርሃት ባይኖር ሁሉንም በዚህ ዋጋ ይሰጡኝ ነበር?»

«ግማሹንም አልሰጥሽ» አሉ።

«እንግዲያው የፊቷን ቤትና ጓሮው መሃል እስከ ቆመው ኮክ ዛፍ ያለውን ብቻ ይሽጡልኝ፤ በዚሁ ገንዘብ። የቀረው ይቅርልዎት። እርስዎም ከቤትዎ አይውጡ።»

ዳኜ ተስፋ ቆርጦ እጁን አራገፈ። የህያ ሰበታ አራት ክፍል ነበረ ብሎ አጉረመረመ፤ ሽታውስ አለችው።

ኦቦ መገርሳ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ኮክ ዛፉ ዘንድ ደርሰው ቆሙ፣ አሰቡ፣ ለሰብሪያ ሁለት እርምጃ ጨምረው ወሰኑን መሬቱ ላይ ጫሩ። ቦሰና መጻፍ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው፣ ጉታንና ደገፋን ቀድመው እንደ አዲስ በተጻፈው ውል ላይ አሳረፉ።