ወድቆ መታገል

በአገሬ በአምበር የትግል ልማድ ጀርባው መሬት የነካ ተሸናፊ ነው። ጣዩ ይነሣል፣ እጁን ዘርግቶ የወደቀውን ያነሣዋል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እኔ በወጣትነቴ ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ ባታነሡብኝ ደስ ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ የጣለኝም ያነሣኝም የጎረቤታችን ልጅ ሙላት ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን ከሠራ በኋላ እኔ ጫካ ገባሁ፣ ሙላት ባንዳ ሆነ። ጫካ ውስጥ ትግል ያስተማረን ወልደ ሰንበት የሚባል፣ አንድ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ነው። ቆሞ መታገል ስለማይችል መሬት ላይ ሆኖ መታገልን ተክኖበታል።

«ከሥር ስትሆን አትፍጨርጨር» ይለናል። «መጀመሪያ ተንፍስ። ከዚያ በእግሮችህ ወገቡን ያዝ። ጉልበተኛ ይደክማል፤ አንተ ጠብቀው።»

ሳቅንበት። የወደቀ ሰው ደግሞ ምን ይጠብቃል? ግን ሆዳችን ባዶ ነው፣ ጥይት የለንም፣ ሌላ የምንማረውም የለ። ሦስት ወር ጭቃ ላይ ተንከባለልን። እኔን ከሲታውን እንኳ ከሥሩ አድርጎ የሚያቆየኝ ጠፋ። ቁጣዬም በረደልኝ፤ ይህን አልክድም።

በጥቅምት ለጓደኞቼ ሽምብራ ተሸክሜ ወንዝ ስሻገር ሙላት ብቻውን ጠበቀኝ። ጠብመንጃውን ደግኗል።

«እንዳላማው፣ ወደ ምሽጉ እንሂድ።»

«ወስደህ ልታሰቅለኝ?»

«ምን ላድርግ ወንድሜ፤ እኔም ደክሞኛል።»

ሲጠጋኝ አፈሙዙን ያዝኩ። ስንተናነቅ ጠብመንጃው ውሃ ገባ። እሱም እንደ ድሮው አንሥቶ ወንዙ ዳር በጀርባዬ ዘረረኝ። ከዚያ ያደረገውን ዛሬም አላምንም፤ ቀና ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ያደግንበት ልማድ ከጣሊያን ትእዛዝ ቀደመበት።

እጁን ይዤ ላዬ ላይ ሳብኩት። በእግሮቼ ወገቡን ቆለፍኩ፣ የገዛ ጋቢውን አንገቱ ላይ አጠበቅሁ። እኛ ስንለማመድ የታነቀው መሬቱን በመዳፉ መታ ካደረገ ወዲያው ይለቀቃል። እኔም እሷኑ ምልክት ጠበቅሁ። ይምታና እለቀዋለሁ፣ ሽምብራዬን ተሸክሜ እሄዳለሁ አልኩ። እጁ ግን ጋቢውን እንደያዘ ቀረ። ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ሰውነቱ ላዬ ላይ ከበደኝ።

ያንን ምልክት ማን አስተምሮት? ሙላት የሚያውቀው መሸነፍ የጀርባ መሬት መንካት ብቻ ነው። ይህ የገባኝ ዓይኑን ስከድንለት ነው።