ደረቅ ሣር

«ድንጋይ አድርግባት ከኋላ ጎማው ሥር! ፍጠን እንጂ አንተ መንገድ መሪ፣ ቤቷ ገደል ትግባ?» ጓድ ላቀው ከፊት ወንበር ሳይወርድ ጮኸ።

ኦይታ ድንጋዩን ታቅፎ ሮጠ። መኪናዋ ጀርባዋ ላይ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና መስኮት ያለው ቤት ተሸክማለች። ባለቤቶቹ አዲስ አበባ የሚያስተምሩ የምሥራቅ ጀርመን ባልና ሚስት ናቸው። በጋሞ አገር ከገረሴ ደጋ ሥር ባለው ቆላ የፈረሰ የወርቅ ቆፋሪዎች ሰፈር አለ ሲባል ሰምተው፣ መብራትና ቧንቧ በሌለበት ማደር አምሯቸው መጡ። ኦይታ መብራትና ቧንቧ በሌለበት ተወልዶ ያደገ ነውና ይህ አምሮት ጨርሶ አልገባውም። ቀበሌው ግን «ቦታውን ታውቃለህ፣ ምራ» ብሎ አዘዘው። ላቀው ደግሞ እንግዶቹን እንዲጠብቅ ተመደበ፤ መጠበቅ ማለት ቢራቸውን መጠጣት ከሆነ በደንብ ጠብቋቸዋል።

ቦታውንማ ኦይታ ያውቀዋል! ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ አብዮቱ ሳይፈነዳ፣ እዚህ ቆፋሪ ነበር። ላቀው ያኔ ጓድ አይደለም፤ የባለ ጉድጓዱ ባላባት ካቦ ነበር። አንድ ቀን የባቄላ ፍሬ የምታህል ወርቅ ጠፋች። ላቀው ከሰልፉ መሀል ኦይታን ጎትቶ አወጣና «ውጦታል» አለ። በባዶ ሆዱ ኮሶ ጋቱት። ሰው ሁሉ ከቦ እያየ አስቀመጡት፤ የወጣውንም እንደ አሸዋ በውኃ አጠቡት። ምንም አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ወርቋ ከሚዛኑ ሣጥን ስንጥቅ ውስጥ ተገኘች። ይቅርታ ያለው የለም። ገረሴ ገበያ በወጣ ቁጥር ግን «ወርቅ አሪው መጣ!» ይሉታል። ያጫት ልጅ ቤተሰቦችም ልጅቷን ለሌላ ሰጡ።

ላቀው በመንገዱ ሁሉ ኦይታ ማን እንደሆነ አላወቀም። እንዲያውም ማታ ሥጋ ሲበላ አጥንቱን ወደ ኦይታ እየወረወረ፣ «እንካ፣ ይኼን ጋጥ፤ የናንተ አገር ሰው ጥርሱ ጥሩ ነው» ብሎ ስቋል።

በማግስቱ ጠዋት ጀርመናውያኑ ሬዲዮናቸውን ከፍተው ቁርስ ሲሠሩ፣ ላቀው ሊጸዳዳ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ኦይታ ከወንዙ ውኃ ቀድቶ ሲመለስ ጩኸት ሰማ። ሄዶ ቢያይ ላቀው በእሾህ የተሸፈነ አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል። ጥልቀቱ የሁለት ሰው ቁመት ይሆናል። አንድ እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

«ተመስገን! ገመድ አምጣ። ፈረንጆቹን ጥራ!»

ኦይታ ጀሪካኑን አስቀምጦ አፋፉ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ይቺን ጉድጓድ ማን ቆፈራት?»

«አሁን የጥያቄ ሰዓት ነው? እግሬ ተሰብሯል እኮ!»

«እኔ ነኝ የቆፈርኳት። አንተ ካቦ ነበርክ። ኮሶ አጠጥተኸኛል፣ እዚያ ዋርካ ሥር።»

ላቀው ሽቅብ አፈጠጠ። ለማስታወስ የምር ሞከረ፤ ኦይታን ይበልጥ ያንገበገበውም ይኸው ነው።

«ወንድሜ፣ ስንቱ ሌባ ኮሶ ጠጥቷል። አንተ የትኛው ነበርክ?»

ወዲያው አነጋገሩ ራሱን አስደነገጠው። ዙሪያውን ዳበሰና ከጉድጓዱ ግድግዳ የደረቀ ሣር ነጭቶ በሁለት እጁ ወደ ላይ ዘረጋ።

«ይኸው! እናንተ ጋሞዎች ለዕርቅ ሣር ከተያዘባችሁ አታልፉም አይደል? ባህላችሁ ነው። በሣሩ ይዤሃለሁ!»

ኦይታ ሳቀ። በሕይወቱ እንዲህ ስቆ አያውቅም።

«እሱ እርጥቡ ነው፣ ጌታዬ። ይዞ የሚንበረከከውም ሽማግሌ እንጂ በዳዩ ራሱ አይደለም። ይኼንንማ ከብትም በረኀብ ካልሆነ አይበላው።»

«የፈለግኸውን እሰጥሃለሁ! በእናትህ! ቤትም ከቀበሌው…»

«ምንም አልፈልግ። ስሜን ብቻ ጥራ። ሁለት ቀን አብረን በልተናል፣ ጠጥተናል፤ ስሜን ጥራና ገመዱን አመጣለሁ።»

የምሩን ነበር። ስሙን ከአፉ ቢሰማ ገመዱን ያመጣ ነበር። የላቀው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ላብ ከግንባሩ አፍንጫው ላይ ወረደ።

«ሀይሌ!» አለ በመጨረሻ። «ሀይሌ፣ ወንድሜ!»

ኦይታ ብድግ ብሎ ጀሪካኑን አነሣ።

«እንግዲህ ሀይሌ ይምጣና ያውጣህ።»

ጩኸቱ ትንሽ ተከተለው፤ ከዚያ ወንዙ ዋጠው። መኪናዋ ጋ ሲደርስ ጀርመናዊው መጥበሻውን እንደያዘ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ጓድ ላቀው፣ የት?» ሲል ጠየቀው።

«ስብሰባ አለበት» አለ ኦይታ። «በአቋራጭ በእግሩ ወርዷል። እናንተ ሂዱ ብሏል።»

«አህ፣ ስብሰባ!» ጀርመናዊው ራሱን ነቀነቀ። በዚህ አገር ከተማራቸው ቃላት ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ይህን ነበር።

ኦይታ ውኃውን አስረከበና ከመኪናዋ ጎን የተወጠረውን ሸራ ካስማዎች አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ።